በሃምሳው ያስጾመን ራዲዮ

ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡት ከኦጋዴን ግንባር የሚመለስ ወታደርና አንድ ጨው ነጋዴ ነበሩ።

«በጠላት ራዲዮ በአማርኛ የሚለፈልፈውን ሰውዬ ትሰሙት ነበር?» አለ ነጋዴው።

«ለሳቅ ነዋ! አንድ ረቡዕ ምን ቢለን ጥሩ ነው? ‹የጎጃም ልጆች ሆይ፣ እናንተ እየጾማችሁ መኮንኖቻችሁ ሥጋ ይበላሉ፤ ጠመንጃችሁን ይዛችሁ ወደኛ ኑ።›»

«እናንተስ?»

«እኛማ ፍየል አርደን እየበላን ነበር። ፋሲካ ካለፈ ገና ሁለት ሳምንቱ! በሃምሳው ረቡዕ እንደማይጾም የማያውቅ ደንቆሮ ነው እንግዲህ ጎጃሜን ሊያስከዳ የተነሳው!»

«ኧረ አንድ ቄስ እንኳ ጠይቆ ቢዋሽ ምን አለበት!»

አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ይሄኔ ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ወደ ወታደሩ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ የምርኮኛ ስምም ይጠራል አይደል?»

«ይጠራል እናቴ። እሱም ቅጥፈት ነው።»

«የኔን ልጅ ጠርቶታል። አምበር ከተማ ባለሱቁ ቤት ቁጭ ብዬ በጆሮዬ ሰማሁት። የአባቱን ስም፣ የተወለደበትን አጥቢያ ሳይቀር ጠራ። በሕይወት አለ፣ ደኅና ነው አለ።»

«ይዋሻል እኮ እናቴ፤ አይመኑት።»

«ይዋሽ። ልጄ ከዘመተ ወዲህ ከናንተ ወገን ለመዋሸት እንኳ ደጄን የረገጠ የለም።»

የሳቅሁበትን አፌን በጋቢዬ ጫፍ ሸፈንኩ።