«ሥራ ላይ ነኝ» ትል የነበረችው መንበረ

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ የመንበረ ልጅ ብሩክታዊት፣ ከኦክላንድም ከሳን ሆዜም ከሥራ ቀርታችሁ የመጣችሁ ወገኖቼ፤ ፈጣሪ ሁላችንንም ያጽናን። የእሷን ነፍስ ይማርልን።

እኔ አምሐ ነኝ። ከወይዘሮ መንበረ ኦይቻ ጋር ዘጠኝ ዓመት አብሬ ሠርቻለሁ። ከዚያ በፊት ደግሞ ለሦስት ሳምንት ተከታትላኛለች። አንቱ ልላት ይገባኝ ነበር፤ በዕድሜ ትበልጠኛለች። አንድ ቀን አንቱ ብላት፣ «አንቱ የሚባል ሰው መኪና ውስጥ ተቀምጦ ሳንድዊች አይበላም» አለችኝ። ስለዚህ ዛሬም አንቺ ነው የምላት።

ሕዝቡ በዝቷል። ይህን ያህል ሰው አልጠበቅኩም። እውነቱን እንነጋገር? ግማሻችን የመጣነው ልናለቅስ ነው። ግማሻችን ደግሞ «የኔ ፋይል አሁን ማን እጅ ገባ?» ብለን ነው። ፊታችሁን እያየሁ ነው። እደርስበታለሁ፤ ትንሽ ታገሡኝ። ሳቅ የመጣበትም ይሳቅ። ሆስፒታል ሳለች «ስለኔ ስትናገር ሰው ካልሳቀ ተነሥቼ ራሴ እናገራለሁ» ብላ አስጠንቅቃኛለች።

መንበረ ማን ነበረች? የደቡብ ልጅ ነበረች። ከአርባ ምንጭ በላይ፣ ዳገቱ ላይ፣ ጨንቻ ተወለደች። አባቷ ሸማኔ ነበሩ። ኦክላንድ ስትመጣ የቢሮ ጽዳት ያዘች። ከምታጸዳቸው ቢሮዎች አንዱ የአንድ ሽማግሌ የግል መርማሪ ቢሮ ነበር። አንድ ማታ ሰውዬው ጠረጴዛው ላይ ፎቶ ደርድሮ ጭንቅላቱን ይዟል። መንበረ ቆሻሻ መጣያውን ልታነሣ ጎንበስ ስትል ፎቶዎቹን አየቻቸው። «ይሄ አንድ ሰው አይደለም» አለችው። «መንታ ናቸው። ጆሯቸውን እየው።» ሰውዬው ለስምንት ወር የሚከተለው አንድ ሰው መስሎት ነበር። በሳምንቱ መጥረጊያውን አስቀምጣ እሱ ዘንድ ተቀጠረች። ሌሊት እያጠናች፣ ፈተናውን አልፋ፣ ላይሰንሷን በስሟ አወጣች። ፍሩትቬል፣ ከባቡር ጣቢያው ማዶ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የራሷን ቢሮ ከፈተች። እኔ በዚህች ሴት እኮራለሁ። ዛሬ የመጣሁት ይህንን ጮክ ብዬ ልናገር ነው።

እንዴት እንደተዋወቅን ልንገራችሁ።

ሳን ሆዜ ነው፤ ኦገስት ነው። መጋዘን ውስጥ ስሠራ ከመሰላል ወድቄ የቀኝ ትከሻዬ ጅማት ተበጥሷል። ሐኪሙ «ሰርጀሪ ያስፈልገዋል» ይላል። ኢንሹራንሱ «ያስመስላል» ይላል። በዚህ መሀል ከቤቴ ፊት ለፊት አንዲት ግራጫ መኪና ቆመች። ውስጧ የሀገሬ ሴት ተቀምጣለች። አንድ ቀን ዋለች። ሁለት ቀን ዋለች። በሦስተኛው ቀን አላስቻለኝም። እናንተስ ቢሆን ያስችላችሁ ነበር? ወገናችሁ ደጃችሁ ላይ፣ በዚያ ሙቀት፣ መኪና ውስጥ ስትውል ዝም ትላላችሁ? ባሏ አባርሯት ይሆናል አልኩ። ቤት አጥታ ይሆናል አልኩ። እኔን ልትሰልል ተልካ ይሆናል ማለት ግን በሐሳቤም አልመጣም።

ምስር ወጥ ነበረኝ። በሳህን አድርጌ ወጣሁ። ሳህኑን በግራ እጄ ይዣለሁ። መስኮቱን በቀኜ ላንኳኳ ብዬ ሳነሣ እጄ ደረቴ ጋ ደርሶ እምቢ አለ። ምግብ መሬት ላይ አይቀመጥ፤ ነውር ነው። ምን ላድርግ? ጎንበስ አልኩና መስኮቱን በግንባሬ አንኳኳሁ።

መስኮቱን በትንሹ ከፈተችው። «እህቴ፣ ሦስት ቀን ሙሉ መኪና ውስጥ ምን ታደርጊያለሽ? ግቢ እንጂ ቤት!» አልኳት።

«አመሰግናለሁ ወንድሜ፤ ሥራ ላይ ነኝ።»

«የምን ሥራ?»

«የመቀመጥ።»

«በሰዓት ይከፈልበታል?»

«ይከፈልበታል።»

«እባክሽ ለኔም ፈልጊልኝ!» አልኳት። አያችሁልኝ? ኢንሹራንሱ «መሥራት ይችላል» እያለ፣ እኔ ኢንሹራንሱ ለላካት ሴት ሥራ ፈልጊልኝ እላለሁ! ሳቋን እንዴት እንደዋጠችው እስከ ዛሬ ይገርመኛል። «እናገርልሃለሁ» ብላ መስኮቱን ዘጋች። ምግቤን ግን አልነካችም። ማዕድ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ተቀይሜ ገባሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በሬ ተንኳኳ። እሷ ናት። «ሪፖርቴን አስገብቻለሁ፤ ያ ምሳ አሁንም አለ?» አለችኝ። ገብታ ማን እንደሆነች፣ ማን እንደላካት አንድ በአንድ ነገረችኝ። «ያን ቀን ብበላልህ ኖሮ ሪፖርቴን ማን ያምነው ነበር? ምስርህ ትከሻህን ያስከፍልህ ነበር።» ሪፖርቱንም በኋላ አየሁት። አንዷን መስመር በቃሌ አውቃታለሁ። «ሰውዬው ምግብ ይዞልኝ መጣ። ቀኝ እጁ ከደረቱ በላይ አልነሣ ስላለው መስኮቴን በግንባሩ አንኳኳ።» ኢንሹራንሶቹ ይህችን መስመር አውጪያት ብለዋት ነበር። እምቢ አለች። እዚያ ላሉት በእንግሊዝኛ ምን እንዳለቻቸው አላውቅም። ለኔ ግን እንዲህ አለችኝ፦ «እኛ ሀገር ዱቡሻ የሚባል የሽማግሌዎች አደባባይ አለ። እዚያ ቆሞ ውሸት አይነገርም። የኔ ሪፖርት ዱቡሻዬ ነው።» ድርጅቱም ዳግመኛ ሥራ አልሰጣትም።

እኔስ? ሰርጀሪው ተፈቀደልኝ። ይህን ማይክ የያዝኩበትን እጅ እዩት። ቀኜ ነው። ይኸው፣ ከራሴ በላይ አነሣሁት። ይህ እጅ የመንበረ ምስክር ነው። በዓመቱም ቃሏን ጠበቀች፤ የመቀመጥ ሥራ አገኘችልኝ። እሷ ትመለከታለች፣ እኔ እነዳለሁ።

ሁለተኛውን ታሪክ የምናገረው እትዬ የወርቅውሃ ፈቅደውልኝ ነው። እሳቸው ታናሽ ወንድማቸው ሱዳን ካምፕ ውስጥ ከተለያቸው ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። አሜሪካ መግባቱን ሰምተዋል። የት እንዳለ ግን አያውቁም። ስሙ የትም የለም። መቼም ስደተኛ በሰው ስም መሻገሩን እዚህ የቆማችሁት ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። መንበረ ፎቶ አልጠየቀቻቸውም። የልደት ቀን አልጠየቀቻቸውም። «ምን አይበላም ነበር?» አለቻቸው።

እትዬ የወርቅውሃ በኀዘናቸው መሀል ሳቁ። «ሽንኩርት!» አሏት። «በሽንኩርት እናታችንን ሲያቃጥላት ነበር የሚኖረው።»

«በቃ፣ ተገኘ» አለች መንበረ። እኔን «መኪናውን አስነሣ፤ ሰው ስሙን ይቀይራል፣ ሆዱን ግን አይቀይርም» አለችኝ። ከኦክላንድ ጀምረን ባሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ሁሉ ዞርን። ጥያቄዋ አንድ ነው። «ሽንኩርት የሌለበት ወጥ የሚያዝ ሐበሻ ታውቃላችሁ?» ሽንኩርት የሌለበት ወጥ! አንዳንዱ ሳቀብን። አንዱ ተፎካካሪው የላከን መስሎት ተቆጣን። በአራተኛው ቀን ሳን ሆዜ ስንደርስ ሉቺያ የምትባል የአስመራ ልጅ፣ ወጥ ቤቷ ውስጥ፣ ጭልፋዋን ወረወረችው። «እሱን ሰውዬ ደግሞ ምን አድርጎ ነው የምትፈልጉት? አምስት ዓመት አሰቃየኝ እኮ! ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል!»

ሐሙስ መጣ። የእትዬ የወርቅውሃ ወንድም ገረመው ነው። እትዬ የወርቅውሃ ኦክላንድ፣ እሱ ሳን ሆዜ፤ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ የአንድ ሰዓት መንገድ ነበር የለያቸው። ይኸው፣ ዛሬ ጎን ለጎን ቆመዋል።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ።

መንበረን ጆሮ ጠቢ ይሏት ነበር። ማን ነው ያለው ብላችሁ ዙሪያችሁን አትዩ። እኛው ነን። አልፈርድም። ጎረቤት ጠቁሞባቸው ሰው ተወስዶ የቀረባቸው ቤቶች ልጆች ነን። ሰሚ ጆሮ ያስፈራናል። ግን አንድ ቀን ምን እንደሆነ ስሙ። ሙት ዓመት ነው፤ አዳራሽ ውስጥ ምሳ ላይ ነን። መንበረ ልጇን ይዛ ገባችና ተቀመጠች። አንዷ «ቀስ በሉ፣ ጆሮ ጠቢዋ መጣች» አለች፤ ሁላችንም ሰማን። መንበረ ዞር ብላ «ተጫወቱ፤ የእናንተን ወሬ ስሚልን ብሎ የከፈለኝ የለም» አለች። ተሳቀ። ግን አንድ በአንድ እየተነሡ ጠረጴዛውን ለቀቁላት። እሷና የአስራ አንድ ዓመት ልጇ ብቻ ቀሩ።

እኔ የት ነበርኩ? ሳህኔን ይዤ ቆሜ ነበር። ያ ሳህን ይዞ በግንባሩ ያንኳኳው ሰውዬ፣ እሷ ባዳነችው እጁ ሳህኑን ይዞ ሌላ ጠረጴዛ ሄዶ ተቀመጠ። ሰው ምን ይለኛል ብዬ። አፈርኩባት። ዛሬ ደግሞ በራሴ አፍራለሁ።

ሰኞ ቢሮ ስገባ ቀና ብላ አየችኝ። «ትናንት ሳህኑ ከበደህ እንዴ? ትከሻህን ሐኪም ይየው» አለችኝና ቁልፉን ወረወረችልኝ።  ያን ዕለት ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ብሩክታዊት፣ ያን ቀን መኪና ውስጥ እናትሽን «ማም፣ አር ዩ ኤ ስፓይ?» እንዳልሻት ነግራኛለች። እሷም «ሰላይ የሚሠራው ለሚያስጨንቅ ነው፤ እኔ የምሠራው ለተጨነቀ ነው» ብላ መለሰችልሽ፤ ግን ያመንሻት አልመሰላትም። ከዚያ ወዲህ ከኛ ጋር ማዕድ ቀርበሽ አታውቂም። እውነትሽን ነው። እናትሽ ለማን ምን እንዳደረገች ልትነግርሽ አትችልም ነበር። አደራ ነበረባት። ስሟን ለማጽዳት የሰው ሚስጥር ማውጣት ነበረባት፤ ከዚያ ይልቅ ስሟ ይቆሽሽ ብላ ተወችው። ይህ ነው የሚያኮራኝ። ይህንን አንቺም ኩሪበት።

ፋይሎቹ! አልረሳሁም። ባለፈው ወር ፓሎ አልቶ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ ልጠይቃት ገባሁ። «እንዴት ነሽ?» አልኳት። «ሥራ ላይ ነኝ። ማን እንደሚጠይቀኝ፣ ማን እንደሚቀር እየመዘገብኩ ነው» አለችኝ። ከትራሷ ሥር የካቢኔውን ቁልፍ አወጣች። «ሁሉንም አስፈጭ። አንዱን ገልጠህ ብታነብ ሞቼም ቢሆን እከታተልሃለሁ፤ ስከታተል ደግሞ ታውቀኛለህ።» ማክሰኞ ዕለት አራቱንም መሳቢያ ጭኜ ኤመሪቪል፣ ወረቀት የሚፈጭበት ቤት ወሰድኩት። ማሽኑ አጠገብ ቆሜ እስከ መጨረሻዋ ወረቀት ድረስ አስፈጨሁ። አላነበብኩም። ስም እንኳ አላየሁም። ስለዚህ እፎይ በሉ። ሚስጥራችሁን ይዛው ሄዳለች። ከዚህ በኋላ የምታውቁት እናንተና እግዚአብሔር ብቻ ናችሁ።

ነገር ግን አንድ ልለምናችሁ። እዚህ መሀል ልጁን ያገኘችለት አለ። በሐሰት ተከሶ ነፃ ያወጣችው አለ። እኔ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ እናንተ ታውቃላችሁ። ምንም አትናገሩ። ምክንያቱን አትንገሩን። መንበረ የደረሰችለት ሰው ካለ፣ መጥቶ አንድ እፍኝ አፈር ያልብሳት። ልጇ ሰልፉን ትየው። ሌላ ምስክር አልፈልግም።

እትዬ የወርቅውሃ፣ ይምጡ። ገረመው፣ ደግፋቸው... ጋሽ ኣንደማርያም፣ እርስዎም? ይምጡ፣ መንገድ ልቀቁላቸው... እህቴ፣ አንቺም ነይ፤ ያን ቀን አዳራሽ ውስጥ ያልሽውን መንበረ ያኔውኑ ትታዋለች... ኧረ ቀስ በሉ፣ ሣሩ ያዳልጣል። ሰልፉ እስከ መኪኖቹ ደረሰ እኮ። ብሩክታዊት፣ ቀና በይ፤ እዪያቸው። የእናትሽ ሥራ ይህ ነው።

መንበረ፤ እንግዲህ ተራው የኔ ነው። ዛሬ ሁለቱም እጆቼ ደህና ናቸው፤ ቀኙን ያዳንሽልኝ አንቺ ነሽ። ሳጥንሽን ግን በእጄ አላንኳኳም። ጎንበስ ብዬ፣ እንደዚያ ቀን፣ በግንባሬ ነው የማንኳኳው።

ያኔ ግቢ ብዬሽ ሥራ ላይ ነኝ ብለሽኝ ነበር። ሪፖርትሽ ገብቷል፤ ሁሉም ፈርሞበታል። ሥራሽ አልቋል እህቴ።

ግቢ።