ለአንድ ኮሌጅ ብቻ የሚሰጥ ቃል

ሃይረም ፔቲንጊል የልጅ ልጁን ዴልያን እንቅልፍ ላይ ናት ብሎ እቤት ትቷት ከወጣ ግማሽ ሰዓት አልሞላውም። የከተማው ቆሻሻ መጣያ ሲደርስ ግን ቀድማው ቆማ አገኛት። መቼም ቅዳሜ ጠዋት በዚያች የኒው ሃምፕሻየር ከተማ ቆሻሻ መጣያ ዘንድ ሰው ከሰው መገናኘቱ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሐሜቱም፣ የምርጫ ቅስቀሳውም፣ ማን ታመመ ማን ተሻለው የሚለውም ወሬ የሚሰማው እዚያው ነው። ሃይረምን ያስገረመው ልጅቱ በእጇ የያዘችው ነገር ነበር። አምና ለገና የገዛላትን፣ ደረቱ ላይ ቶርንዳይክ ኮሌጅ ተብሎ የተጻፈበትን አረንጓዴ ሹራብ አጣጥፋ፣ ሰው የማይፈልገውን ደህና ዕቃ ለሌላው በሚተውባት ጎጆ መደርደሪያ ላይ ልታስቀምጠው ነው።

"ዴልያ!"

ልጅቱ ክው አለች። "አባባ! አንተ ደግሞ ቆሻሻ የምትጥለው ከቁርስ በኋላ አልነበረም እንዴ?"

"ዛሬ ቀደም አልኩ። ሹራቡ ምን አደረገሽ?"

"ጠበበኝ።"

"አምና ሰፍቶሻል ተብሎ የተሳቀበት ሹራብ? ባንድ ዓመት ውስጥ ስንት ክንድ ብታድጊ ነው?"

ጎጆዋ ውስጥ ሆኖ የድሮ የቡና ማፍያ የሚወለውለው ለስተር ጋኞን ሳቁ አመለጠው። ለስተር የሃይረም እኩያ ነው፤ ሁለቱም ሰማንያ ሞልቷቸዋል። ከወረቀት ፋብሪካ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጎጆዋን የሚጠብቃት እሱ ነው። "እናንተ ሰዎች፣ የምትጨቃጨቁ ከሆነ ወደዚያ ፈንጠር በሉልኝ፤ ዕቃ የሚመርጥ ሰው ታሸሻላችሁ" አለ።

ነገሩ የሹራብ ጠብ እንዳልሆነ አያትም የልጅ ልጅም ያውቁታል። በእነሱ አገር አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰ ተማሪ፣ ከፈለገ፣ በመጸው ወራት ለአንድ ኮሌጅ ብቻ ከሌላው ሁሉ አስቀድሞ ማመልከት ይችላል። ቅድሚያ ይታይለታል፤ ነገር ግን ከተቀበሉት ሌላ አላማርጥም፣ እገባለሁ ብሎ ቃል ይገባል። ይህን ቃል አሳዳጊውም መፈረም አለበት። ልጁ ዋረንና ምራቱ በመኪና አደጋ ከሞቱ ወዲህ ዴልያን ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደጋት ሃይረም ነው፤ ስለዚህ ፊርማው የእሱ ነው። ዴልያ የመረጠችው ሆልስተድ የሚባል ኮሌጅ ነው፤ ወረቀቱ የሚላክበት ቀን ሊያልፍም ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። እሱም "ለቶርንዳይክ ከሆነ አሁኑኑ እፈርማለሁ፤ ለሌላ ግን እጄም አይነሳ" ካለ ሳምንቱ ነው።

"እሺ፣ እውነቱን እንነጋገር" አለ ሃይረም፣ የጭነት መኪናውን የኋላ መዝጊያ ዘርግቶ እየተቀመጠ። "ነይ ተቀመጪ። ቶርንዳይክ ምን በደለሽ? እኔ ተማርኩበት። አባትሽ ተማረበት። የፔቲንጊል ልጅ መሆንሽን ሲያዩ በራቸውን ወለል አድርገው ነው የሚከፍቱልሽ።"

"አባባ፣ የተመራቂ ልጅና የልጅ ልጅ ማስቀደሙን እኮ ትተውታል። ባለፈው ሚያዝያ ለሁላችሁም ጽፈውላችኋል።"

"እሱ ለወሬ ነው።"

"ለወሬ አይደለም፤ ተወስኗል።"

"ኧረ ተይ! እነዚያን ሰዎች እኔ ነኝ የማውቃቸው።" ይህን ሲል ፊቱ በራ፤ ዓይኖቹ ከቆሻሻ ክምሩ በላይ ወዳለው ቀይና ቢጫ ቅጠል የለበሰ ኮረብታ ሄዱ። "እኛ ያመለከትን ጊዜ እንዲህ ያለ ጭንቀት የት ነበር! ርዕሰ መምህራችን ሚስተር ትራስክ በሁለት መኪና ጭነው ወሰዱን። ጥቅምት ነበር፤ ልክ እንዲህ ያለ ብርሃን ነበር። የፖም ሽታ በመንገዱ ሁሉ። ስንደርስ ደወሉ ይደወላል። የኮሌጁ ተማሪ ተቀባይ ሹም አንድ በአንድ ጨበጡንና እኔን ምን አሉኝ መሰለሽ? 'አባትህ ዘንድሮ ፖም ቀንቷቸዋል?' አዎን ጌታዬ አልኩ። 'በል እንግዲህ መስከረም ላይ እንገናኝ' አሉኝ። አለቀ! ፈተናውም፣ ማመልከቻውም፣ ሁሉም ነገር እሱው ነበር።"

ዴልያ ይህን ታሪክ ከልጅነቷ ጀምሮ ስንቴ እንደሰማችው እሷ ናት የምታውቀው፤ ያም ሆኖ ፈገግ ብላ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ሽማግሌ የወጣትነቱን ወራት ሲያነሳ ማቋረጥ ነውር መሆኑን የተማረ ሰው ሊዘነጋው አይገባም።

"ደስ ይላል" አለች። "አሁን ደግሞ የእኔን ስማኝ። ቶርንዳይክ ቅድሚያ ከሚያመለክቱት ከመቶው አሥራ ስምንቱን ይቀበላል። በመደበኛው ጊዜ ግን ከመቶው አምስቱን ብቻ ነው።"

"ታዲያ! አሥራ ስምንት ከአምስት አይበልጥም? ይሄን እኮ ልጅ ያውቀዋል።"

"አሥራ ስምንቱ እነማን ናቸው? ጥያቄው እሱ ነው። ዘጠኝ ወይም አሥሩ አሠልጣኞች ለኮሌጁ የስፖርት ቡድን ገና ከዓመት በፊት የመረጧቸው ጀልባ ቀዛፊዎችና ኳስ ተጫዋቾች ናቸው። ሁለት ሦስቱ ደግሞ ሌላ ምክንያት አላቸው። እንደ እኔ ላለው የሚቀረው ከመቶ አምስት ወይም ስድስት ቦታ ነው። የእኔ ውጤት ደግሞ አምና ከተቀበሏቸው ከግማሹ በታች ነው። ቢቀበሉኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ያለኝን አንድ ቅድሚያ እዚያ ላይ ካዋልኩት ባዶ እጄን የመመለሴ ነገር የታወቀ ነው።"

"ሆልስተድስ? ያ ስሙን ሰው የማያውቀው?"

"የወንዝና የደን ጥናት ያለው እሱ ነው አባባ! ሦስት ዓመት ሙሉ እዚያ ወንዝ ውስጥ ተነክሬ ውኃ ስለካ ምን የምሠራ መስሎህ ነበር?"

"ዓሣ የምታሳድጂ።"

"አሾፍክብኝ! እሺ፤ ሆልስተድ ቅድሚያ ከሚያመለክቱት ከመቶው አርባውን ይቀበላል። የተመረጠ ተጫዋች እዚያ ጥቂት ነው። ውጤቴ ከተቀበሏቸው ከግማሹ በላይ ነው። ክፍያውንም አስቀድሜ ጠይቄ እንደምንችለው አረጋግጫለሁ፤ ይህን ሳያውቁ ቃል መግባት ሞኝነት ነው። ዕድሌን የገመትኩት እንዲህ ነው። ይሳካል ብዬ አልምልልህም፤ ግን እያየሁ ነው የምገባበት።"

ሃይረም ዕድሜውን በሙሉ መሬት ቀያሽ ነበር። ሰዎች ድንበራችን እስከዚያ ዛፍ ነው እያሉ ሲከራከሩ ገመዱን ዘርግቶ ልኩን የሚነግራቸው፣ ቢቆጡትም ቃሉን የማይለውጥ ሰው ነበር። የልጅቱ ነገር ልክ እንደሆነ ልቡ ነግሮታል። ነገር ግን ሰው ልኩን ሲያውቅ ሁልጊዜ እሺ አይልም፤ የሚይዘው ሌላ ነገር አለ።

"ዴልያ" አለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ "እኔ ስለ ስሙ ብቻ አይደለም። አባትሽን ልጠይቀው የሄድኩ ጊዜ ከቤተ ጸሎቱ ጎን ካለው የድንጋይ ወንበር ላይ ተቀምጠን ሳንድዊች እንበላ ነበር። መቃብሩ ስሄድ አይታየኝም። እዚያ ስሄድ ነው ዋረን የሚታየኝ። አንቺም ብትገቢ እየመጣሁ የማይሽ መስሎኝ ነው።"

 ዴልያ ጠጋ ብላ ክንዱን ያዘችው። "ምነው እስከዛሬ ሳትነግረኝ! እንሄዳለና፣ እኔና አንተ። ወንበሩ ላይ ለመቀመጥ እኮ ማመልከቻ አያስፈልግም።"

ሽማግሌው ሳቅም ዕንባም መጣበት። ቢሆንም እልኸኛ ነውና ወዲያው እጁን አልሰጠም። "ብቻ የድሮው ይሻል ነበር" አለ። "ሰው በሰውነቱ ነበር የሚታወቀው። ዛሬ ሁሉ ነገር ከመቶ ይህን ያህል ሆነ።"

"ስንት ሆናችሁ ነበር የሄዳችሁት?"

"አሥራ ሁለት።"

"ስንታችሁ ገባችሁ?"

"አሥራ ሁለታችንም!"

"በክፍላችሁ ስንት ወንዶች ነበራችሁ?"

"አርባ... አርባ ይሆናሉ።"

"ሃያ ስምንቱስ? ሞክረው ወድቀው ነው?"

"አይ፤ አልተጠሩም።"

"ከክፍሉ በሒሳብ አንደኛው ማን ነበር?"

ልጅቱ ይህን የጠየቀችው ለክርክሯ ብላ እንጂ ምንም አውቃ አይደለም።  ሃይረም ግን ሳያስበው ወደ ጎጆዋ ዞረ። ለስተር መወልወሉን ትቶ ቆሟል።

"እኔ ነበርኩ" አለ ለስተር። "ምነው ሃይረም፣ ረሳኸው?"

"አልረሳሁም።" ሃይረም ከመኪናው ወረደ። "የቤት ሥራዬን የሚሠራልኝ እሱ ነበር፣ ዴልያ። እንግዲህ ስሚ፤ ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ከመሄዳችን በፊት ሚስተር ትራስክ ጠሩኝ። 'መኪናው ውስጥ አንድ ቦታ ቀርቷል። ከክፍላችሁ ጎበዝ ሆኖ የረሳሁት ልጅ አለ?' አሉኝ። ለስተር ከመጣ ኮሌጁ ውስጥ ለእኔ ቦታ አይቀርም ብዬ ፈራሁ። ማንም የለም አልኳቸው።"

ጎረቤቶች ዕቃቸውን እየጣሉ ያልፋሉ፤ አንዱም ወደ እነሱ ያየ የለም። 

"አውቃለሁ" አለ ለስተር።

"ታውቃለህ?"

"ሚስተር ትራስክ ካረጁ በኋላ ፀጉር ቤት ተገናኝተን ነገሩኝ። ተናደድኩ። አንድ ዓመት ሙሉ አኮረፍኩህ፤ አንተ አላስተዋልክም እንጂ።"

"ወይ ጉዴ! ለስተር፣ ይቅር በለኝ።"

"ይቅር ካልኩህ ቆየሁ፤ ልጆች መጡ፣ ሥራ በዛ፣ ማኩረፉም ደከመኝ። ግን ዛሬ ካነሣኸው ልንገርህ። እኔን የሚቆጨኝ አለመግባቴ አይደለም። ምናልባት ይጥሉኝ ነበር። እንደኔ ያለ የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ሊሞክረው የሚችል ነገር መሆኑን የነገረኝ ሰው አለመኖሩ ነው። ሁሉ ነገር በሁለት ሰዎች ጨዋታ ያልቅ ነበር፤ የፖም ጨዋታ! ይቺ ልጅ ቁጥሩን ፈልጋ፣ ራሷን መዝና፣ ጉድለቷን ሳትደብቅ መጥታለች። ይሄን እኔ አግኝቼው ቢሆን ኖሮ! አንተ ደግሞ ወደዚያው ዘመን ልትመልሳት ትታገላለህ። ምን ነካህ ሰውዬ?"

እንግዲህ የዚያ ዘመን ብርሃን፣ የፖሙ ሽታና ደወሉ ውሸት አልነበሩም፤ ሃይረም በእውነት ያያቸው ናቸው። ነገር ግን ያን ብርሃን ያየው መኪናው ውስጥ የተቀመጠ ሰው ነው። ቁጥር የልብ ሙቀት የለውም፣ እውነት ነው፤ ሆኖም ለፔቲንጊልም ለጋኞንም እኩል ነው የሚነበበው። ሃይረም ይህን ያወቀው በሰማንያ ዓመቱ ነው፤ ቢዘገይም አወቀው።

"ወረቀቱ የታለ?" አለ።

"ቦርሳዬ ውስጥ።"

"አምጪው። ቆይ፣ ከመፈረሜ በፊት እንደ ቀያሽ ልጠይቅሽ። ሆልስተድ አይሆንም ካለሽስ?"

"ሌሎች ሰባት ማመልከቻዎች ጽፌ ጨርሻለሁ። ሁለቱ ሊቀበሉኝ የሚችሉ፣ ሦስቱ እኩል በእኩል፣ ሁለቱ ከአቅሜ ከፍ ያሉ። ከከፍተኞቹ አንዱ ቶርንዳይክ ነው፤ ላንተ ብዬ።"

"ለእኔ ብለሽ አይሆንም! የምትልኪው ከሆነ ላንቺ ብለሽ ላኪ።"

"እሺ። እንግዲያው ቀረ።"

ሃይረም ትንሽ ከፋው፤ መክፋቱንም አልደበቀም። ከዚያ ወረቀቱን መኪናው ላይ ዘርግቶ ስሙን በጥንቃቄ ጻፈ። ለስተር ያዋሰውን እስክሪብቶ መልሶ ሲቀበለው፣ ሃይረም የልጅቱን ፊት በሁለት እጁ ያዘ።

"ስሚኝ ልጄ። ቢቀበሉሽ ከቀሩት በልጬ ነው ብለሽ አትኩሪ። ባይቀበሉሽም አንሼ ነው ብለሽ አትዘኚ። እኔ ገብቻለሁ፤ ከለስተር በልጬ ግን አልነበረም።"

በታኅሣሥ አጋማሽ ሆልስተድ ዴልያን ተቀበላት። ከዚያም ቀጥሎ የሆነውን ልንገራችሁ፤ የዚህ ጨዋታ ጥቅሙ እሱ ነውና። ለስተር በጎጆዋ አንድ ጥግ ጠረጴዛ ዘረጋ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአሥራ አንደኛ ክፍል የሚመጡ ልጆች፣ ቤታቸው ኮሌጅ የረገጠ ሰው የሌላቸው ጭምር፣ ውጤታቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። ዴልያ ውጤታቸው ኮሌጆቹ ከተቀበሏቸው ተማሪዎች ጋር እንዴት እንደሚነጻጸር ታሳያቸዋለች፤ ለስተር ሒሳቡን ይሠራል፤ ከፍ ያለውንም፣ እኩያውንም፣ የሚቀበላቸውንም ለይተው ይሄዳሉ። በከንቱ ተስፋ አንዲቱን ቅድሚያ የሚያባክን ቀነሰ፤ አልችልም ብሎ ሳይሞክር የሚቀረውም እንዲሁ።

ሃይረምም ሥራ አላጣም። በሩ ላይ ተቀምጦ የሚወጣውን ልጅ ሁሉ፣ አንድ ስም እስኪነገረው ድረስ ሳይለቅ፣ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦

"ከክፍላችሁ ጎበዝ ሆኖ እዚህ ያልመጣ ማን አለ?"