በኮቱ ገበር ውስጥ የሰፋሁት ካርታ

በእኛ ጊዜ ከጅማ አዲስ አበባ መሄድ እንደዛሬው ተነስቶ መሳፈር አልነበረም። አስቀድሜ ልንገራችሁ ልጆቼ፣ አንዳንዱን ነገር ላሳስት እችላለሁ። ማክሰኞ ነበር ብዬ ረቡዕ ሊሆን ይችላል፣ ኮቱ ቡናማ ነበር ብዬ ግራጫ ሊሆን ይችላል። ሰው ለሰው የተናገረውን ቃል ግን አልሳሳትም፣ እሱን በየቀኑ ነው የምሰማው። አንቺ የምትጽፊው ልጅ፣ እንዳልኩት ጻፊው፣ አታሳምሪው።

ታዲያ ያኔ ደርግ ነበር፣ ከከተማ ለመውጣት ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፣ ለምን እንደምትሄድ፣ መቼ እንደምትመለስ ይጻፍበታል። እኔና ነጂብ ጅማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር አንድ በረንዳ ላይ ሁለት የስፌት መኪና አስቀምጠን እንሰፋ ነበር። እሱ ጅማ ተወልዶ ጅማ ያደገ ነው፣ አባቱም አያቱም እዚሁ ናቸው፣ እኔ ከሌላ ቦታ የመጣሁ ነኝ። እሱ ኮትና ሱሪ ይሰፋል፣ እኔ ሸሚዝና የተማሪ ልብስ። እሱ ሊሰግድ ሲሄድ መኪናውን እኔ እጠብቃለሁ፣ እኔ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ እሱ ይጠብቃል። አስራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖርን፣ አስራ አንድ ወይም አስራ ሁለት።

ነጂብ አዲስ አበባን አንድ ጊዜ አይቷል፣ ማየት ከተባለ። ቀበሌው ለበዓል ሰልፍ ሰው መርጦ በአውቶቡስ ሲልክ እሱም ተላከ። ሲመለስ ሰፈርተኛው በረንዳችን ላይ ተሰበሰበ።

"እና ምን አየህ?" አሉት።

"አደባባይ አየሁ።"

"ሌላስ?"

"የሰው ጀርባ አየሁ።"

"የአንበሳ ግቢውን አንበሳስ?"

"አንበሳውንም አሳዩን፣ ተኝቷል። እሱም እንደኔ ተመርጦ የመጣ ይመስለኛል።"

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፣ ግራ ቀኝ አየሁ፣ የቀበሌ ሰው ይኖር ይሆን ብዬ። እኔ እንዲህ ነኝ፣ ፈሪ ነኝ።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ወደ እኔ ዞረና፣ "ሜ፣ እስቲ ስማኝ ተሰማ" አለኝ፣ "ወላሂ ከተማውን አላየሁም። አወረዱን፣ ቆምን፣ አጨበጨብን፣ ኤግዚቢሽን አሳዩን፣ ዳቦ ሰጡን፣ መለሱን። እዚያ ያለ ልብስ ሰፊ የት እንደሚቀመጥ አላየሁም። ምሳውን የት ይበላል? ዝናብ ሲመጣ መኪናውን በምን ይሸፍናል? ሲጣላ ምን ብሎ ይሳደባል? እኔ እሱን ነው ማየት የምፈልገው። ስምንት ቀን፣ እንግዳ ሳልሆን።"

እኔ ደግሞ በጉብዝናዬ ሁለት ዓመት መርካቶ ስፌት ተምሬያለሁ። ታዲያ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወሬያችን ይህ ብቻ ሆነ፣ እየሰፋን ጉዞውን እናቅዳለን፣ ክር እየለወጥን እናቅዳለን።

"ከአውቶቡስ ስትወርድ ደላላ ይይዝሃል" እለዋለሁ፣ "'ወንድሜ እንኳን ደህና መጣህ፣ ንጹህ አልጋ አለኝ' ይልሃል፣ ዝም ብለኸው እለፍ።"

"ዝም? እንኳን ደህና መጣህ ሲለኝ?"

"ዝም በለው።"

"ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ ተሰማ፣ ይህንንስ አልችለውም። ወንድሜ ያለኝን ሰው ቢያንስ ስለ ልጆቹ ሳልጠይቅ አላልፍም።"

"እንግዲያው ተይዘሃል፣ አልጋው ላይ አጋድሞሃል።"

"ኤዬ፣ አዎ፣ ልጆቹ ደህና ከሆኑ ልጋደም።"

እንዲህ ነበር ነጂብ። እንዲህ እያለ ያስቀኝ ነበር።

ታዲያ ቁርአኑን በአረብኛ ይቀራል እንጂ አማርኛ ፊደል እየቆጠረ ነው የሚያነበው። ስለዚህ መንገዱን በጽሑፍ ከምሰጠው ልሣልለት አልኩ። የልብስ ልክ የምናወጣበት ወፍራም ወረቀት አለ፣ በእሱ ላይ ከተማውን ሣልኩት። ብዙ ቀን ፈጀብኝ፣ እየፋቅሁ እየሣልኩ። ሊሄድባቸው በሚገቡ ቦታዎች ላይ ክብ አደረግሁ። ስፌት የተማርኩበት በረንዳ ክብ፣ ተሸካሚዎች ፉል የሚበሉበት ቤት ክብ፣ መስጊዱ ክብ፣ የማውቀው ሸማኔ ቤት ክብ። እንግዳ ሁሉ እየተነዳ የሚሄድባቸው፣ ፎቶ አንሺ እጅህን ይዞ የማይለቅባቸው ቦታዎች ላይ ደግሞ ኤክስ አደረግሁ። አደባባዩ ላይ ኤክስ፣ አንበሳ ግቢ ኤክስ፣ ቤተ መንግሥቱ በር ላይ ኤክስ። እና አደባባዩ አጠገብ፣ ፊደል ሲቆጥር እንዳይቸገር፣ በትልቁ "ከዚህ ራቅ" ብዬ ጻፍኩ።

ነጂብ አይቶት፣ "አሁን ከተማ መሰለ" አለ።

እኔ ግን አላረፍኩም፣ "መርካቶ ኪስ አውላቂ አለ፣ ካርታው ከተሰረቀ ትጠፋለህ" አልኩት። እና ኮቱን አስወልቄ ገበሩን ፈትቼ ካርታውን ውስጥ አድርጌ መልሼ ሰፋሁት። በእጄ ነው የሰፋሁት፣ ስፌቱ እንዳይታይ። ነጂብ ከእኔ የተሻለ ኮት ሰፊ ነው፣ እሱ ራሱ ገልብጦ አይቶ፣ "የት ጋ ነው የከፈትከው?" አለኝ። ደስ አለኝ። ይሄ ደስታዬ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

የጅማ መንገድ ላይ ደግሞ ኬላ አለ፣ ታውቃላችሁ፣ ቡና ይፈተሻል። ያኔ ቡና ይዞ ማለፍ ክልክል ነው፣ ሰው በትራስ ከትቶ፣ በጫማ ከትቶ ያሳልፍ ነበር። ዘሀራ፣ ሚስቱ፣ ለሚያሳድሩት ሰዎች ትንሽ ቡና ልትቋጥርለት ስትል የከለከልኳት እኔ ነኝ።

"እባክሽ ዘሀራ፣ አንድ ፍሬ እንዳይኖር።"

"ጋሼ ተሰማ፣ ከጅማ ባዶ እጁን ሄደ እንዲሉት ነው?"

"ይበሉት፣ ባዶ እጁን ይሂድ፣ በሰላም ይሂድ።"

ኪሶቹን አንድ በአንድ ገልብጬ አራገፍኩ፣ ሻንጣውን ፈተሽኩ። ስለ ቡናው ስጨነቅ፣ ስለ ቡናው ብቻ ስጨነቅ፣ ሰው ቡናውን በኮት ገበርም ሰፍቶ እንደሚያሳልፍ አላሰብኩም። ፈታሾቹ ግን ያውቃሉ።

በይለፍ ወረቀቱ ላይ "ለስፌት መኪና ዕቃ ግዢ" ተብሎ ተጽፎለት በማለዳ ሄደ። በአራተኛው ቀን በዚያው አውቶቡስ የነበረች አስካለ የምትባል ማር ነጋዴ ተመልሳ በረንዳው ላይ መጣች። ቆማ ነው የነገረችኝ፣ ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም።

ኬላው ጋ ሁሉንም አስወረዷቸው አለች። ፈታሹ የነጂብን ኮት ሲዳስስ ገበሩ ውስጥ ነገር አገኘ።

"ቡና ነው?" አለው።

"አይደለም፣ ወረቀት ነው።"

"ወረቀት ገበር ውስጥ የሚሰፋ ማን ነው?"

"ልብስ ሰፊ" አለው ነጂብ። ተሳፋሪው ሳቀ፣ ፈታሹም ፈገግ ብሎ ነበር አለች። ከዚያ በምላጭ ቀደደው። ወረቀቱን አየና አለቃውን ጠራ።

አለቃው ወረቀቱን የመኪናው አፍንጫ ላይ ዘረጋው። "ይሄ አደባባዩ ነው?"

"አዎ ጓድ።"

"ይሄስ ቤተ መንግሥቱ?"

"አዎ።"

"ኤክሱ ምንድነው?"

"አልሄድበትም ማለት ነው።"

"ከዚህ ራቅ ይላል። እዚያ ምን ሊደርስ ነው የምትርቁት?"

"ምንም አይደርስም ጓድ። እንግዳ የሚያየውን እንዳላይ ነው።"

"ክብ የተደረገባቸው ቤቶችስ የማን ናቸው?"

"አላውቃቸውም፣ ልተዋወቃቸው ነበር የምሄደው።"

"ማን ነው የሣለው?"

"እኔ ነኝ።"

ደጋግመው ጠየቁት አለች አስካለ፣ ደጋግሞ እኔ ነኝ አለ። አውቶቡሱ እሱን ትቶ ሄደ። ስትመለስ ከኬላው ወደ ጅማ ወስደውታል ሲባል ሰማች።

ዘሀራ በዚያው ቀን መጣች። ልጇን አዝላለች። "ጋሼ ተሰማ፣ አብረን እስር ቤቱ እንሂድ፣ ለምን እንደሣሉት እርስዎ ያስረዷቸው" አለችኝ።

"እንሄዳለን። ግን አሁን ብሄድ ሁለት ሆነው ሲያሴሩ ነበር ይላሉ። ጥቂት ቀን እንጠብቅ።"

"ስንት ቀን?"

"ጥቂት ቀን።"

ዓይኔን አየችኝና፣ "እሺ" አለች። ሁለተኛ አልጠየቀችኝም። ብቻዋን ስንቅ ታመላልስ ጀመር። እኔ በየቀኑ ነገ እሄዳለሁ እላለሁ፣ ልብሴን እተኩሳለሁ፣ የምናገረውን አጠናለሁ፣ እና እቀራለሁ። ሃያ ቀን ያህል ቆይቼ አንድ ጠዋት ሄድኩ። የእስር ቤቱ በር ላይ ደረስኩ። ዘበኛው፣ "ምን ፈልገህ ነው?" አለኝ።

እኔም፣ "የይለፍ ወረቀት የሚሰጠው እዚህ ነው?" አልኩት።

"እሱ ቀበሌ ነው።"

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብዬ ተመለስኩ። ዘበኛውን ማመስገኔን እዩልኝ።

በዚያ ሳምንት ለዘሀራ ወደ አዲስ አበባ ተልኳል አሏት፣ ስንቁን መለሱላት። እሷም ልጆቿን ይዛ ደዶ ወላጆቿ ዘንድ ገባች። የነጂብን የስፌት መኪና በጨርቅ ሸፍኜ በቦታው ተውኩት፣ ሌላ ሰው አላስቀመጥኩም።

ሁለት ዓመት አለፈ፣ ምናልባት ከዚያም በላይ። አንድ ቅዳሜ ወደ አጋሮ የሚያልፍ ቀጭን ሰው በረንዳው ላይ ቆመ። የአዲስ አበባ ሰው ነው፣ ከእስር ከተፈታ ገና ወሩ ነው። የነጂብን ቤት ጠየቀኝ። ቤቱ እንደተዘጋ ነገርኩትና አስቀመጥኩት፣ ሻይ አስመጣሁለት።

"ከነጂብ ጋር አንድ ክፍል ነበርን" አለኝ። "አዲስ የገባን ሰው ሁሉ 'ሰፈርህ የት ነው?' ይለዋል። 'እዚያ ልብስ ሰፊው የት ይቀመጣል? ከእሱ ቀጥሎ ማን አለ? ዳቦ ቤቱ ስንት ሰዓት ይከፍታል?' ሰዉም እየናፈቀው ነው መሰለኝ አንድ ሳያስቀር ይነግረዋል። ጠዋት ጠዋት ነጂብ ቁጭ ብሎ ይደግመዋል፣ ከእገሌ በር ወጥቼ በግራ ታጥፌ እያለ። እኔ ጉለሌ ተወልጄ እንደሱ አላውቃትም። አንድ ቀን በቃል አስሄደኝ፣ እናቴ ደጃፍ ሲያደርሰኝ አለቀስኩ።"

እኔ ያንን ሁሉ ሰምቼ የጠየቅሁት ምን መሰላችሁ? "ካርታውን ማን ሣለው ይላል?" ነው ያልኩት።

"'እኔ ነኝ' ነው የሚለው። እንስቅበት ነበር። 'ፊደል እየቆጠርክ የምታነብ ሰውዬ እንዴት አድርገህ ጻፍከው?' ስንለው፣ 'ያኔ እችል ነበር፣ እዚህ ገብቼ ረሳሁት' ይላል።"

"አሁንስ?"

"እኔ ከመፈታቴ በፊት ከክፍላችን ጠርተው ወሰዱት። ወዴት እንደሆነ አላውቅም አባቴ።"

ሻዩን ጨረሰ። ሊሄድ ሲነሳ፣ "ለመሆኑ እርስዎ ምኑ ነዎት?" አለኝ።

በማግስቱ ደዶ ሄጄ ሰውዬው ያለውን ሁሉ ለዘሀራ ቃል በቃል ነግሬያታለሁ፣ የመለስኩለትን ግን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። "ጎረቤቱ ነኝ" አልኩት። ሰውዬውም እጄን ጨብጦኝ ወደ አጋሮ መኪና ሄደ። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ስለ ነጂብ አንድ ቃል የነገረኝ ሰው የለም።