ሃያ ዘጠኝ ኢንች

ወዳጆቼ፣ ቢራችሁን ለጊዜው አስቀምጡና ስሙኝ። ሂልዳ፣ አንቺም ተቀመጪ፤ ዛሬ የስንብትሽ ግብዣ ነው፤ ሳህን የምታነሺው አንቺ አይደለሽም።

ሂልዳ ስኬልተን እዚህ ስካርቦሮ፣ ወደ ቴአትር ቤታችን ልብስ ስፌት ክፍል የመጣችበትን ቀን ካየነው መሃል የቀረነው ሦስት ነን። የዚያን ጊዜው ሥራ አስኪያጅ አዲስ ኮቱን ለብሶ ሊቀበላት በር ላይ ቆሟል። እሷ የዘረጋላትን እጅ ትታ እጅጌውን ያዘች።

«የግራው ከቀኙ ይረዝማል» አለችው።

«እጅጌው አይደለም፤ እጄ ነው ያጠረው። በልጅነቴ ተሰብሮ ነው።»

«እንግዲያው የሰፋልህ ሰው አንተን ሳያይ ነው የሰፋው። አውልቀው።»

ሰውየው ቀኑን ሙሉ በሸሚዝ ሲንቀጠቀጥ ዋለ። የካቲት ነበር፤ ከባሕሩ የሚነፍሰው ብርድ አጥንት የሚሰብርበት ወር።

ሌላውን ታውቁታላችሁ። ስፒል በአፏ ይዛ ስታዝዘን ምን እንዳለች የሚገባው ሰው የለም፤ ግን ሁላችንም «እሺ» እንላለን። ሻይ ትቀዳና ትረሳዋለች፤ ኋላ ታገኘውና «ማነው ያቀዘቀዘብኝ?» ትላለች። በጨርቅ መቀሷ ወረቀት ቆርጦ ስለቱን ማደንዘዝ ምን እንደሚያስከትል ደግሞ እዚያ ጥግ የተቀመጠው ግሬም ይንገራችሁ፤ እሱ ደርሶበታል።

እስካሁን ሳቃችሁ። የሚቀጥለው አያስቅም። ሂልዳን አስፈቅጃታለሁ።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ለገና የልጆች ተውኔት አዘጋጅተን ነበር። ወይዘሮ ፔንድልበሪ የምትባል፣ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የኖረች፣ የከተማው ሰው የጣለውን ዕቃ ሁሉ ለቅማ በኪሷ የምትሰበስብ ሴት ታሪክ ነው። ሂልዳ አርባ ኪስ ያለው ቀሚስ ሰፋችላት። አረንጓዴና ወይን ጠጅ መስመር ያለው ሱፍ ሆኖ አንገት ድረስ ይቆለፋል። ከኋላ በሽቦ የተነፋው ቦታ እንደ መሳቢያ ይከፈትና ከውስጡ የሻይ ማንቆርቆሪያ ይወጣል። አምስት ሳምንት ፈጀባት። መሳቢያው ሲከፈት ልጆቹ ከወንበራቸው ይነሡ ነበር። ወይዘሮዋን ሆና የምትጫወተው ሮዛሊንድ ፕራየር ነበረች። ሂልዳ ወገቧን ለክታ መዝገቡ ላይ «ሃያ ዘጠኝ ኢንች» ብላ ጻፈች።

ትርኢቱ በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ሂልዳ የቀሚሱን ጎን ልታጠብ ስትተረትር አገኘኋት።

«ምን ሆነ?» አልኳት።

«ሱፍ ሲለበስ ይለቃል» አለችኝ።

በሳምንቱ ደገመችው። የሚያለብሷት ሰዎች ልዩነቱን እንዳያውቁ መንጠቆዎቹን ሳይቀር አንድ በአንድ ነቅላ መልሳ ሰፋቻቸው። በሦስተኛው ጊዜ እሷ በሌለችበት ሜትሩን ቀሚሱ ላይ ዘረጋሁት። ሃያ አምስት። መዝገቡ ላይ ግን በየሳምንቱ፣ በሂልዳ እጅ ጽሑፍ፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ሃያ ዘጠኝ።

መዝገቡን ፊቷ ከፍቼ አስቀመጥኩት። ስፒሎቹን ከአፏ አወጣች።

«ታማለች፣ ጊል። ልምምድ ሳይጀመር ነው ሐኪሞቹ ቁርጡን የነገሯት። ተውኔቱን ልጨርሰው ብላ ለመነችኝ። ሰው እያዘነልኝ ልጅ ማሳቅ አልችልም ነው የምትለው።»

«ብትወድቅስ?»

«በእኔ ይሁን። ለማንም እንዳትናገሪ ማዪልኝ።»

ማልኩላት።

በአራተኛው ቀን ሮዛሊንድ ደረጃ ላይ ወደቀች። ተነሣች፣ ቀሚሷን አራገፈች፣ ወጥታም ተጫወተች። እኔ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም፣ የመዝገቡንም ጭምር፣ ተናገርኩ። በማግስቱ ሌላ ተዋናይት ተተካች፤ ወገቧ ሠላሳ አንድ። ሂልዳ በአንድ ከሰዓት የገዛ ስፌቷን ሁሉ ተርትራ ቀሚሱን አሰፋችው። ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጬ አያታለሁ። ክር ሲበጠስ ብቻ ነበር የሚሰማው።

ትርኢቱ ባለቀ በአሥራ ስድስተኛው ቀን ሮዛሊንድ ሞተች። ብንተዋት ምናልባት ትጨርሰው ነበር።

እኔ «ኃላፊነት የሚሰማት» ተብዬ የክፍሉ ኃላፊ ሆንኩ። ቦታው ለሂልዳ ይገባ እንደነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ለምን እንደቀረባት ግን አታውቁም። ስምንት ወር አላናገረችኝም። እናንተ «በምን ተጣላችሁ?» ስትሏት ትንፍሽ አላለችም። አንድ ቃል ብትናገር እኔ እዚህ አንገቴን ቀና አድርጌ አልሠራም ነበር።

በመስከረም አንድ ቀን መርፌና ክር ወደ እኔ ገፋ አደረገች። «አስገቢልኝ፤ ዓይኔ እምቢ ብሏል።» አስገባሁላት። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ እሷ ትገፋለች፣ እኔ አስገባለሁ። ስለ ሮዛሊንድ ግን አንሥተን አናውቅም፤ እስካለፈው ሳምንት ድረስ።

«ልናገረው ወይ?» አልኳት።

«ተናገሪ። ግን መልአክ አታድርጊኝ። ደረጃው ላይ አንገቷ ተሰብሮ ቢሆን ገዳይዋ እኔ ነበርኩ።»

«ይቅር ብለሽኛል?»

«አላልኩሽም። ግን ሌላ ሰው መርፌ እንዲያስገባልኝ አልፈልግም።»

ሂልዳ፣ ስለ ይቅርታው ስላልዋሸሽኝ አመሰግንሻለሁ። አንድ ነገር ደግሞ እስከ ዛሬ ደብቄሻለሁ። የሮዛሊንድ ልጅ በቀብሩ ዕለት አናግራኝ ነበር። በየእሑዱ ሆስፒታል እየሄድሽ የሌሊት ልብሷን በልኳ ትሰፊላት እንደነበር ነገረችኝ። «እናቴ ልብሱ እላይዋ ላይ ሲንዘላዘል ታፍር ነበር» አለችኝ። «ሂልዳ ከሰፋችላት በኋላ ግን ጠያቂ ሲመጣ ቀና ብላ ትቀመጣለች።» በመጨረሻው እሑድ መርፌሽን ሳታወጪ እጇን ይዘሽ እንደዋልሽም ነግራኛለች። ይህን ሰው ሁሉ ሳይሰማ እንድትሄጂ አልፈለግኩም።

በሉ ተነሡ፣ ብርጭቋችሁን አንሡ። ሂልዳ፣ ዊትቢ ከተማ እህትሽ ቤት ጤና ይግጠምሽ። ለዓይንሽ የቀረው ብርሃን ይቆይልሽ፤ ጎረቤትሽ ደግ ይሁን። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶቡስ እመጣለሁ። በሩን ባትከፍቺልኝም እመጣለሁ።

ለሂልዳ።