ሐሙስ ሊታጠር ስለታሰበው የባሕር ሸሽ ሣር

ክቡራትና ክቡራን፣ አለቆቼም፣ ባልደረቦቼም፣

ይህን የስንብት ድግስ ያሰናዳችሁልኝ ሁሉ እጃችሁ ይባረክ። በሰው ስብሰባ ሻይ ስቀዳ የኖርሁ ሴት፣ ዛሬ ተቀምጬ ሲቀዳልኝ መላው ጠፍቶኛል። ሁለት ጊዜ ብርጭቆ ልሰበስብ ብድግ ብል ሾፌራችን ሣህሉ ነጠላዬን ይዞ አስቀመጠኝ። "ጽጌ፣ ዛሬስ እንግዳ ነሽ፣ እረፊ!" ይለኛል። ማረፍ ደግሞ መች ለመድሁ?

ጎረቤቴን ዘይነትንም ጠርቻት ነበር። ጉልበቷ አብጦ መራመድ ተስኗታል። ልጇ ተቅዋ ደግሞ አራስ ናት፤ እናት ታማ ልጅ ወልዳ በአንድ ክፍል ተኝተው ይተያያሉ። ሕፃኑ ግን አልሐምዱሊላህ፣ ድምፁ ሰፈሩን ያነቃል። "የእኔን ተይው፤ ስለ ወንድሜ ነገር አንድ ቃል ተናገሪልኝ" አለችኝ። ወንድሟ ሙሐዲን ነው። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በቅርብ ለተቀጠራችሁት ግን ልንገራችሁ።

ሙሐዲን ከብት አርቢ ነው። ክረምቱን ደጋ ከርሞ፣ ጣና ሲሸሽ ቤተሰቡንና ከብቱን ይዞ ወደ ሐይቁ ዳርቻ ይወርዳል። አባቱም አያቱም እንዲሁ ነበሩ። ሐይቁ ለቅቆት የሄደው መሬት፣ ባሕር ሸሽ የምንለው፣ በጋውን ሙሉ ሣር ያለው እዚያ ብቻ ነው። ታዲያ ማንም ዘው ብሎ አይገባበትም። አርቢዎቹ የመረጡት ሽማግሌ አለ፤ የሣር አባት ይሉታል። ጫማውን አውልቆ ጭቃው ላይ ይሄዳል። እግሩ ከሰጠመ "ገና ነው" ይላል፣ ሁሉም ከብቱን ይመልሳል። መሬቱ ከጠና መጀመሪያ የሚታለቡት ላሞች ከነጥጃቸው፣ ኋላ በሬው ይገባል። የሣር አባቱ ሳይፈቅድ የባለሥልጣንም ከብት ቢሆን አይገባም። ዛሬ የሣር አባቱ ሙሐዲን ነው።

እኛስ? እኛ ያንኑ ሣር እንድንጠብቅ የተቋቋምን መሥሪያ ቤት ነን። እንዴት እንደጠበቅነው ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

ግጦሹን ያስመረቅን ዓመት ዝናቡ አልቆርጥ ብሎ ሐይቁ ዘግይቶ ነበር የሸሸው። ዕቅዳችን ግን "ግጦሹ በዚህ ሩብ ዓመት ይመረቃል" ይላል። ጣና ሩብ ዓመት ያውቃል እንዴ? ባነር ተሰቀለ፣ ሪባን ተወጠረ፣ እንግዶች በመኪና ተደርድረው መጡ። እኔ የታሸገ ውኃ አድላለሁ። ሙሐዲን ጫማውን አውልቆ ገባ፤ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሰጠመ። አለቃችን አቶ ግሩም ጠጋ አሉት።

"ምን ትጠብቃለህ? እንግዶቹ ቆመዋል!"

"ጌታዬ፣ መሬቱ አልጠናም። ሰኮና ካረፈበት ሣሩ ከነሥሩ ይነቀላል።"

"ለፎቶ ነው እኮ! ጥቂት ላሞች ብቻ።"

"ላም ፎቶ ተነሥታ አትመለስም፣ ጌታዬ። ሣር ያየች ላም በማን ቃል ትመለሳለች?"

ሰው ሳቀ። አቶ ግሩም ግን አልሳቁም። "በእንግዳ ፊት ልታዋርደኝ ነው?" አሉት።

ይሄ ቃል የእኛን አገር ሰው ይጥለዋል። ጠመንጃ ቢደግኑበት እምቢ የሚል ሰው፣ "በእንግዳ ፊት" ሲሉት አንገቱን ደፋ። ላሞቹን ለቀቀ። ሌላው አርቢ የሣር አባቱን አይቶ ተከተለ። ተጨበጨበ! እጄ ውኃ ባይይዝ እኔም ነበርሁበት።

ከዚያማ መስኩ ታረሰ ማለት ይቀላል። ሲደርቅ ተሰነጣጠቀ፤ በዓመቱ ሣሩ በነበረበት እሾኻሙ አሜኬላ በቀለ። እኛም ሪፖርት ጻፍን፦ "አርቢዎች ከልክ በላይ በማሰማራታቸው ግጦሹ ወድሟል።" አርቢዎች! ይባስ ብለን ሙሐዲንን ጠርተን የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና ሰጠነው። እኔ ሻይ ሳቀርብለት ቀስ ብሎ፣ "እታለሜ፣ ሣር ምን እንደሚባል ዛሬ ገባኝ" አለኝ። መሳቅ አለብኝ ወይስ ማልቀስ?

ሐሙስ ደግሞ ስብሰባ አለ። የከብቱን መውረጃ በሽቦ አጥረን ለዘለቄታው ልንዘጋ ነው አሉ። ሣሩን ከማን ልንጠብቅ? ሲጠብቀው ከኖረው ሰው?

አቶ ግሩም፣ አይቀየሙኝ። ልጄ የታመመች ጊዜ በራስዎ መኪና ሐኪም ቤት ያደረሱልኝ እርስዎ ነዎት፤ አልረሳሁም። ክፉ ሰው ቢሆኑማ ይህን አልነግርዎትም፤ ሻዬን ቀድቼ ዝም ብዬ እሄድ ነበር። ሐሙስ ዕለት "ያን ቀን ከብቱን ያስገባነው እኛ ነን" ይበሉ። ሌላ ምንም አይበሉ። በዚያ ቦታ የነበረ ሁሉ በዚህ አዳራሽ አለ። እስቲ ቀና በሉ!

ትናንት ከሰዓት ሙሐዲን ከቤቴ መጣ። ቁጭ በል ብለው እምቢ አለ። የደጋው ሣር አልቆ ከብቶቹ ተነሥተዋል፣ መንገድ ላይ ናቸው። "እታለሜ፣ አደራ አልጭንብሽም" አለኝ። "መውረጃው ከታጠረ እነዚያን ላሞች ይዤ የምመለስበት የለኝም፤ ከመንገድ ለሥጋ ነጋዴ እሰጣቸዋለሁ። ካልታጠረ እነዳለሁ። አንዱን ብቻ ጠይቂልኝ። ልሽጥ ወይስ ልንዳ?"

ይህን ብሎ ሄደ። እኔ ምን ብዬ ልመልስለት?

ስጦታ እንዳዘጋጃችሁልኝ ሣህሉ ሹክ ብሎኛል፤ ምስጢር አይችልም። እግዜር ይስጥልኝ። ነገር ግን ስጦታው ይቆየኝና አስቀድማችሁ የሙሐዲንን መልስ ስጡኝ። እዚሁ ሳለን፣ እንጀራው ሳይቆረስ።

በሉ አሜን በሉኝ። ልጆቻችሁ ይደጉ። ደጃችሁ ሰው አይጣ። ከእኔ በኋላ ሻይ የሚቀዳላችሁ ሰው ከእኔ የተሻለ ይሁን። እንግዳን ከምታፍሩ እውነትን የምታፍሩ ያድርጋችሁ። የምትጠብቁት ሣርም፣ የሚግጠው ከብት አይጣ።