የእማማ ሉ ረጅም ቾፕስቲክ

ቅዳሜ ጠዋት እማዬ ቶፉ፣ የአኩሪ አተር አይብ፣ ግዢ ብላ ሰፈራችን ገበያ ልካኝ፣ ዓሣ ሻጩ ጋ ስደርስ ማንን ባገኝ ጥሩ ነው? እማማ ሉን! ቻይና፣ ሻውሺንግ ከተማ ከመጣን ጀምሮ ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት፤ በእጃቸው ነው ያደግኩት ማለት ይቻላል። ኖላዊት የሚለው ስሜ ምላሳቸው ላይ አልገባ ስላለ ኖኖ ነው የሚሉኝ።

የገረመኝ ዓሣዋ ናት። ልጃቸው እሁድ እሁድ ሚስቱንና ትንሹን ልጁን ዶውዶውን ይዞ ስለሚመጣ፣ እማማ ቅዳሜ የሚገዙት ክንድ የሚያህል ዓሣ ነው። የዛን ቀን ግን መዳፍ የማትሞላ አስመዘኑ።

«እማማ፣ ይቺ ለድመቷ ናት?»

«ለእኔ ናት። ነገ ብቻዬን ነኝ።»

«ውይ! ምን ተፈጠረ?»

«ምራቴን ጠይቂያት!»

ዘንቢላቸውን ተቀበልኳቸውና በቦዩ ዳር መሄድ ጀመርን። እማማ ሲናደዱ ፈጥነው ነው የሚራመዱት፤ እኔ ነበርኩ ከኋላ የቀረሁት።

«ባለፈው እሁድ ይቺ ምራቴ ሩዪን ጠረጴዛዬ መሃል የማንም ያልሆነ ቾፕስቲክ አስቀመጠች። ማንሻ ነው አለች። ከሳህኑ በዚህ እያነሳን፣ በየራሳችን እንበላለን አለች። ይሁን አልኩ። ከዛ የዓሣውን ጉንጭ፣ ያችን ለስላሳዋን፣ ለዶውዶው ልሰጠው ቾፕስቲኬን ጠባሁና...»

«ጠቡት?»

«አዎ! ወጥ የነካ ነገር ለሰው ይዘረጋል እንዴ? ጨዋ እኮ ነኝ!»

ሳቄ አመለጠኝ። የሰፈራችን አሮጊቶች ሁሉ እንደዚህ ናቸው፤ ለሰው ከማንሳታቸው በፊት የቾፕስቲኩን ጫፍ በምላሳቸው ሙልጭ ያደርጉታል። ንጹህ እንዲሆን!

«ሳቂ አንቺ! ሩዪን ሳህኑን ከልጁ ፊት አንስታ በሌላ ቀየረችው። በገዛ ቤቴ! እኔ ምን ሆኛለሁ? ልጄ ደግሞ ደውሎ ‹እማዬ፣ በማንሻው ካልተበላ አንመጣም› አለኝ። ቅሩ አልኩት።»

ድምፃቸው ‹ቅሩ› ላይ ሲደርስ ተሰበረ። ወዲያው ግን ወደ እኔ ዞሩ።

«እናንተስ በእጃችሁ ትጎራረሱ የለ? እናትሽ ስታጎርሰኝ ተጸይፌያት አውቃለሁ?»

«አያውቁም። ግን እማዬ መጀመሪያ በሳሙና ትታጠባለች። እርስዎ ቾፕስቲኩን የሚያጥቡት በምራቅ ነው።»

«ይቺ አፍሽ!» አሉ። ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ግን ፈገግታ አየሁ።

«አባቶቻችን ከአንድ ሳህን በልተው ነው ቤተሰብ የሆኑት» ብለው ቀጠሉ። «ከወረርሽኙ ወዲህ ግድግዳው ሁሉ፣ አውቶቡሱ ሁሉ ‹ማንሻ ተጠቀሙ› ሆነ። የዘንድሮ ሰው አዲስ ነገር ካየ አያቱን ይጥላል።»

«አዲስ እኮ አይደለም!» አልኩ። አባዬ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ነው የሚያስተምረው፤ ቤታችን መጽሐፍ ተቀምጦ እኛ ቆመን ነው የምንኖረው። «ሥዕሉን አሳይቶኛል። በጥንት ጊዜ የእናንተ ሰዎች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው፣ ለእያንዳንዱ ሰው ትንሽዬ ጠረጴዛና የራሱ ሳህን ይቀርብለት ነበር። ከአንድ ሳህን መብላት የመጣው ትልቁ ጠረጴዛ ከተለመደ በኋላ ነው። እንግዲህ ሩዪን ከእርስዎ የባሰች የድሮ ሰው ናት!»

«ከእኛ በላይ ቻይና ሆንሽ ደግሞ? ቅድመ አያቶቼ አይዋደዱም ነበር ልትዪኝ ነው?»

«በየሳህናቸው ይዋደዱ ነበር።»

የድንጋዩ ድልድይ ላይ ስንደርስ ቆሙ። አሁን ቁጣው የለም።

«ኖኖ፣ እናንተ በስልክ ‹እወድሻለሁ› ትባባላላችሁ። እኔ ይሄን ቃል ባሌ እስኪሞት አላልኩትም። እናቴም አላለችኝም። ጥሩዋን ቁራሽ ሳህኔ ላይ ታስቀምጥልኝ ነበር፣ በቃ። ቾፕስቲኬን ከተከለከልኩ ልጁ እንደምወደው በምን ይወቅ?»

ዘንቢሉን ከእጅ ወደ እጅ አዛወርኩ።

አንድ የማውቀው ነገር ነበር፤ ሩዪን ሊፍት ውስጥ ነግራኛለች። እዚህ ክፉ ወሬ ከአዛውንት ይደበቃል። ለፍቅር ብለው ነው፣ ግን እነሱን ያጣላቸው ይሄው መደባበቅ ነው። ስለዚህ አወጣሁት።

«እማማ፣ ዶውዶውን ሆዱን እያመመው ነው። ሲመረመር ጨጓራው ውስጥ ተህዋስ ተገኘ። ከአፍ ወደ አፍ ይሄዳል አሉ። ሩዪን እንዳያዝኑ ብላ ነው የደበቀችዎት።»

ፊታቸው ልውጥ አለ። «ከእኔ ነው?»

«ማን ያውቃል? ከእርስዎ ይሁን ከአባቱ፣ ሐኪሙም አላወቀ። ግን እርስዎስ በልተው ሲነሱ የሚያቃጥልዎት፣ በዝንጅብል ውሃ የሚያባብሉት ነገር የለም? ይታከማል እኮ። ታክማችሁ ስታበቁ በቾፕስቲክ መልሳችሁ ከተካፈላችሁት ግን ምን ዋጋ አለው?»

የድልድዩ መከታ ላይ ተደገፉ።

«እኔ የምሰጠው ጉንጩን ብቻ መስሎኝ» አሉ ቀስ ብለው።

ከዛ ዘንቢሉን ከእጄ ነጥቀው ወደ ገበያው ተመለሱ። ክንድ የሚያህለውን ዓሣ አስመዝነው ትንሿን አሳዩኝ። «ይቺ እንዳልሽው ለድመቷ።»

እሁድ እኔም ተጠራሁ። ዓሣው አለ፣ የአሳማ ሥጋው በደረቅ ጎመን አለ፤ መሃል ላይ ደግሞ ሊጥ ሲጠብሱ የሚያገላብጡበት ረጅሙ ቾፕስቲክ ተጋድሟል። እማማ አነሱት።

«ማንሻ ይኸው። የምይዘው ግን እኔ ብቻ ነኝ። ቤቱ የእኔ ነው!»

አንዱን ጉንጭ ለዶውዶው ሰጡት። ሁለተኛው ሁሌም የልጃቸው ነበር፤ ያን ቀን ጠረጴዛውን ተሻግሮ የሩዪን ሳህን ላይ አረፈ።

«ብዪ። ከስተሻል።»

ይሄ በእማማ ሉ ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሩዪን አንገቷን ደፍታ በላች፤ ቀና ስትል ዓይኗ እርጥብ ነበር።

እማማ ለእኔ ሊያነሱ ሲሉ ረጅሙን ቾፕስቲክ ወደ አፋቸው...

«አያቴ!» ብሎ ጮኸ ዶውዶው።

ምላሳቸውን እንዳወጡ ቀሩ። ከዛ እየሳቁ ሌላ ሊያመጡ ተነሱ። «ዕድሜ ልኩን የባለገ ምላስ በአንድ እሁድ ይሰለጥናል እንዴ?»

ቤተሰቡ አብሮ ታከመ። ዶውዶው አሁን ሳህኑን ጠርጎ ይደግማል፣ የዝንጅብሉ ውሃ ቀርቷል፣ እሁድም እሁድ ሆኗል። ማንም ከማንም አልራቀም፤ እንዲያውም እማማ ድሮ ለልጃቸውና ለልጅ ልጃቸው ብቻ ያነሱ የነበሩት ዛሬ ለሁላችንም ያነሳሉ። እኛም ቤት ከመጎራረስ በፊት ሳሙናው ይዞራል።

ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ስገባ ድምፃቸውን ከሩቅ ሰማሁት። የዓሣ ሻጩን እናት ይዘዋታል።

«ጠብተሽ ነው ለልጅ የምትሰጪው? አንቺ ኋላ ቀር! ቅድመ አያቶቻችን እኮ ለየራሳቸው ጠረጴዛ ነበራቸው። መጽሐፍ አታይም እንዴ?»