አባቴ አዋሳ ሐይቅ ዳር የቆመ ዕለት

እኛ ልጆች በነበርንበት ዘመን፣ በጃንሆይ ጊዜ ማለቴ ነው፣ ከሆሳዕና ወዲያ ባለችው መንደራችን በሆመቾ ውሃ ማለት ምንጭ ነው፣ ወንዝ ነው፣ ክረምት ሲሆን ደግሞ በደጅ የሚወርድ ጎርፍ ነው። የማይሄድ ውሃ፣ ዓይን የማይጨርሰው ውሃ አለ ሲባል ከመጽሐፍ ነው የምንሰማው። ታዲያ እኔ ስድስተኛ ክፍል ነኝ፣ በክፍሉ ሴት እኔና ዘነበች ብቻ ነን፣ ዘነበች የጉራጌው ባለሱቅ ልጅ ናት፣ እና አንድ ቀን መምህር ደምሴ ገቡና ለጥር እረፍት ክፍሉን በሙሉ አዋሳ እወስዳለሁ፣ ሐይቅ ታያላችሁ፣ እዚያው ሦስት ቀን እናድራለን አሉን። ጂኦግራፊ ነው የሚያስተምሩን፣ ቀጭን ናቸው፣ ቁም ነገር ሲናገሩ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

እና እየሮጥኩ ሄጄ ለአባቴ ነገርኩት። አባቴ የበርበሬ ነጋዴ ነው፣ ከአላባ በበቅሎ እያመጣ ይሸጣል፣ ቁጡ ሰው አይደለም፣ ግን አንዴ አይሆንም ካለ አይሆንም ነው። ሴት ልጅ ከቤቷ ውጪ አታድርም አለ፣ አለቀ። እኔ ደግሞ ሌላም የምፈራው ነገር አለኝ፣ አላባ ያለው ሸሪኩ ለልጁ ጠይቆኛል፣ ስድስተኛን እንደጨረስኩ ሊድሩኝ ነው፣ ይሄን እናቴ በሹክሹክታ ነግራኛለች። ታዲያ ይሄ ጉዞ ከቀረብኝ ምንም ሳላይ ላገባ ነው ብዬ አለቀስኩ፣ አለቀስኩ፣ ምሳም አልበላሁም።

መምህሩ ሰምተው ቤታችን ድረስ መጡ። የአባቴ አማርኛ ለገበያ እንጂ ለክርክር አይበቃም፣ እና መሃል ተቀምጬ የማስተረጉመው እኔ ነኝ፣ አስቡት እስቲ፣ እኔኑ የሚከለክለውን ቃል እኔው በአፌ! መምህሩ ይለምናሉ፣ አባቴ ራሱን ይነቀንቃል፣ በመጨረሻ መምህሩ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ "እንግዲያው እርስዎም ይምጡና ልጅዎን ይጠብቁ" አሉ። በሀዲይኛ ነገርኩት። ጋቢውን ሰብሰብ አደረገና "መቼ ነው?" አለኝ።

ታዲያ በጭነት መኪና ሄድን። ቆጮ በኮባ ጠቅልለን፣ አቧራ እየጠጣን፣ አባቴ እኔንና ዘነበችን ጥግ አስቀምጦ እሱ በእኛና በወንዶቹ መሃል እንደ ግንብ ተቀምጦ፣ በአላባ አድርገን፣ በሻሸመኔ አድርገን ማምሻውን አዋሳ ገባን። አዋሳ ያኔ አዲስ ከተማ ናት፣ ዛፍ ይበዛታል፣ ሐይቁ ከዛፉ ጀርባ ነው አሉን እንጂ አላየነውም። አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ሣር አንጥፈውልን ተኛን፣ አባቴም በእኛ ክፍል በር ላይ ጋቢውን ዘርግቶ ተኛ፣ ማን ይወጣል ማን ይገባል!

ሲነጋ አባቴ በሩ ላይ የለም። ለሶላት ሊታጠብ፣ ውዱ ሊያደርግ ወደ ውሃው ወርዷል አሉኝ። ጠበቅሁ፣ አልመጣም፣ እና በዛፎቹ መሃል ወረድኩ። ቆሟል። እግሩ ውሃ ውስጥ ነው፣ ጫማው በእጁ ነው፣ ፊቱን እንኳ ገና አልነካም። ከእሱ ወዲያ ደግሞ፣ ምን ልበላችሁ፣ መሬቱ አለቀ። ማዶውን ጭጋግ ሸፍኖታል፣ ሰማዩ ቀልቷል፣ ውሃውም ቀልቷል፣ የቱ ጋ እንደሚለያዩ አይታይም። ከመጽሐፉ አውቀዋለሁ ብዬ ነበርኮ፣ ምኑን አወቅሁት!

አባቴ ሳይዞር፣ "ወዴት ነው የሚፈሰው?" አለኝ።

"የትም አይፈስም አባዬ፣ እዚሁ ነው።"

"ማን አጠረው?"

"ማንም።"

ይሄን ስንባባል ውሃው እፊታችን ተነሳ። ጥቁር ድንጋይ መሰለኝ፣ ድንጋዩ ጆሮ አወጣ፣ እፍፍፍ ብሎ ተነፈሰና አየን። ጉማሬ ነው። አባቴ እጄን ያዘኝ፣ እጄን ይዞኝ የማያውቅ ሰው! "ሱብሃነላህ" አለ ቀስ ብሎ። አልሮጥንም፣ ቆመን አየነው፣ እሱም አየን፣ ከዚያ ሰመጠ፣ ውሃውም ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ተኛ።

ታዲያ አባቴ፣ "ሐጃጆች የሚሻገሩት ባህር ይሄ ነው?" አለኝ።

"አይደለም አባዬ፣ እነሱ የሚሻገሩት ቀይ ባህር ነው። ይሄ ከእሱ ጋር ሲተያይ የከብት ገንዳ ነው።" እርጥቡ መሬት ላይ በጣቴ ሳልኩለት፣ ይሄ ምጽዋ ነው፣ መርከቡ ከዚህ ይነሳል፣ ማዶ ጅዳ ነው፣ መካ ከጅዳ ትንሽ ገባ ብሎ ነው፣ ውሃው ጨው ነው አይጠጣም አልኩት።

"አይተሽዋል?"

"አላየሁም፣ ተማርኩት።"

ሥዕሉን አየ፣ እኔን አየ። ቅድም ጉማሬውን እንዳየው ነው ያየኝ፣ ወላሂ አልዋሽም።

እና በቀሩት ቀናት ዓሣ በላን፣ ጀልባ ላይ ወጣን። ስንመለስ አላባ ላይ መኪናው ቆመ፣ እሱ ወርዶ ወደ ሸሪኩ ቤት ሄደ፣ ብዙም ሳይቆይ መጣ፣ ፊቱ ምንም አይነበብም። እኔም ምን ብዬ እጠይቃለሁ፣ ሳልጠይቀው ቤት ገባን።

የገበያው ዕለት ታዲያ አባቴ ስለ ጉማሬው ለሰዎቹ ሲያወራ አላመኑትም። አንዱ፣ በሬ ውሃ ውስጥ ያድራል ልትለን ነው ይላል፣ ሌላው ይስቃል። አባቴ አስጠራኝ። ሽማግሌዎች መሃል ሴት ልጅ ቆማ አትናገርም ያኔ፣ እሱ ግን "ንገሪያቸው" አለኝ። ነገርኳቸው፣ ሣር እንደሚበላ፣ ቀን ውሃ ውስጥ እንደሚውል፣ ሲመሽ ለግጦሽ እንደሚወጣ። ሳቁ ቆመ። አንድ ሽማግሌ፣ ይቺ ልጅ ሌላስ ምን ታውቃለች ብሎ ጠየቀ።

አባቴ፣ "እኔም ገና መጠየቄ ነው። ሆሳዕና ሰባተኛ ክፍል ስትገባ የተረፈውን ትነግረናለች" አለ።

ሰባተኛ እንደምገባ፣ ጋብቻውም እንደቀረ የሰማሁት ያኔ ነው፣ ከሽማግሌዎቹ እኩል።

"እና እማማ ሩቂያ፣ ያኔ ምን አሉ?" ትሉኛላችሁ።

ምን እላለሁ፣ ሰው ፊት ነኝ። ጉማሬው ጥርሱ ስንት ስንዝር እንደሚሆን መንገሬን ቀጠልኩ፣ እሱን ደግሞ ጭራሽ አላየሁትም! ኪኪኪ።